መገናኛ ያስተየብኩት ገጽ

ትርሲት መሞቷን ያወቅሁት በቴሌግራም ነው። የድሮ ትምህርት ቤታችን መምህራን የከፈትነው ግሩፕ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የልደት ኬክና የበዓል ካርድ የሚለጠፍበት። ማክሰኞ ጠዋት ስከፍተው የእሷ ፎቶ ነበር። ትከሻዋ ላይ አረንጓዴ ሹራብ ጣል አድርጋ፣ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ከሥሩ «ውድ ባልደረባችን ትርሲት ትናንት ዐርፋለች። ቀብሯ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ለቅሶ ቤቱ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ነው» ይላል። ሰዎች ሐዘናቸውን ተራ በተራ ጽፈዋል። እኔም «በጣም አዝኛለሁ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱንም አጠፋሁት። አንዷ የድሮ ባልደረባችን «ሂሩትዬ፣ አንቺ እኮ በጣም ትቀርቢያት ነበር፤ አይዞሽ» አለችኝ። ስልኩን በፊቱ ደፋሁት።

እውነት ነው፣ እቀርባት ነበር። ያን ያህል ባልቀርባት ኖሮ ያደረግሁትን ማድረግ አልችልም ነበር።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ወሰን አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ትርሲት የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት። ቢሮዋ ከርእሰ መምህሩ በር ፊት ለፊት ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ አንድ ኮምፒውተር፣ ወረቀት የሚነክስ አሮጌ ፕሪንተር፣ ሁለት ወንበር። ሁለተኛው ወንበር ባዶ ሆኖ አያውቅም። ደብዳቤ የሚያስጽፍ ወላጅ፣ ከተማሪ ጋር የተጣላ መምህር፣ ወይ ደግሞ ዝም ብሎ አረፍ ሊል የገባ ሰው ይቀመጥበታል። እሷ ዐይኗን ከሰውየው ፊት ሳትነቅል ትተይባለች። ጣቶቿ ለብቻቸው ሥራቸውን ያውቁት ነበር።

አንድ ቀን ልጇ ከትምህርት የታገደችባት እናት ይቅርታ መጠየቂያ ልታስጽፍ መጣች። እኔ እዚያው ቆሜ ፈተና እያባዛሁ ነበር። ሴትየዋ የምትለው እየጠፋት «ልጄ አጥፍታለች፤ አልክድም። ግን ቤት ስትውል እኔን ብቻ ነው የምታየው፤ እኔን ብቻ እያየች ምን ትማራለች?» አለች። ትርሲት ይህንኑ ቃል በቃል ተየበችው። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ «ትንሽ ብታስተካክይላት ምን ነበር? ደብዳቤ እኮ ነው» አልኳት።

«ካስተካከልኩት የእኔ ደብዳቤ ይሆናላ» አለችኝ። «የመጣችው የራሷን ልትሰጥ ነው።»

ልጅቷ በማግስቱ ክፍል ገባች።

በዚያ ዓመት ርእሰ መምህሩ ለወላጆች ቀን መምህራን ቴአትር እንዲያሳዩ ፈለገ፤ ጽሑፉ ለእኔ ተሰጠኝ። ኮተቤ ኮሌጅ ከተማርኩበት ጊዜ ጀምሮ የምወደው አንድ ወፍራም የእንግሊዝ ልብ ወለድ ነበረኝ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፈ፣ አሳዛኝ። ስሙን እዚህ አላነሣም፤ የእኔ ጥፋት ከእሱ ጋር እንዲያያዝ አልፈልግም። ባጭሩ አንዲት የድኻ ልጅ ከማግባቷ በፊት የደረሰባትን ነገር ትደብቃለች፤ ካገባች በኋላ ለባሏ ስትነግረው ጥሏት ይሄዳል፤ መጨረሻዋ አያምርም። ይህን ወደ መድረክ ልመልሰው ተነሣሁ። ማታ ማታ በእጄ እጽፋለሁ፤ ጠዋት ለትርሲት እሰጣታለሁ፤ ትተይብልኛለች።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «‹የተከበሩ እመቤቴ ሆይ፣ ልቤ በሐዘን ደመና ተከብቧል›» ብላ አነበበችልኝ። «እስቲ ይሄን የወሰን ታክሲ ላይ በይው።»

«እንግሊዞች ናቸው እኮ፣ ትርሲት።»

«እንግሊዞችም ሲከፋቸው ይከፋቸዋል። ይሄ መጽሐፍ ነው፤ ሰው አይደለም።»

ይህቺ ቃሏ ነበረች። አንድ ንግግር ካልጣማት ማንበቧን ታቆምና «መጽሐፍ» ትለኛለች፤ እኔም ወረቀቱን ይዤ እመለሳለሁ። ከጣማት ምንም አትልም፤ መተየቧን ትቀጥላለች። የዚያች ክፍል ዝምታ ከሰጡኝ ዲግሪ ሁሉ ይበልጥብኝ ጀመር። ስሞቹን የእኛ አደረግናቸው፤ ሠረገላው ቀረ፤ ሰዎቹ እንደ እኛ መናገር ጀመሩ። ጽሑፉ ላይ ያለው ስም የእኔ ብቻ ነበር። እሷም እንዲጻፍላት አልጠየቀችም።

ከዚያ ሙሽራይቱ ምስጢሯን ለባሏ የምትናገርበት ትዕይንት ላይ ደረስን። በጣም የለፋሁበት እሱ ነበር። ትርሲት የመጀመሪያውን ገጽ ተየበች፤ ሁለተኛው ላይ ቆመች።

«ይሄን ሁሉ አታወራም» አለችኝ።

«ማን?»

«ሙሽራይቱ። ያን ያህል ዓመት አፏን የዘጋች ሴት ሁለት ገጽ የሚበቃ ትንፋሽ ከየት ታመጣለች?»

«ታዲያ ምን ትበል?»

እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች። ተነሥታ በሩን ዘጋችውና ተመልሳ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ እጇ የሚይዘው ነገር ያስፈልጋታል» አለች። «ነጠላ ይሁን። ታጥፈዋለች። ትዘረጋዋለች። ደግማ ታጥፈዋለች። ሦስት ጊዜ። ‹ምን ሆነሻል?› ይላታል። ከዚያ…»

«ከዚያ ምን ትለዋለች?»

«እኔማ ‹ምንም፣ ደክሞኝ ነው› አልኩት።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ቀስ እያለች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ ነገረችኝ። «በተጋባን በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው» አለች። ባሏ ግዛቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል፤ ሁሉንም ልትነግረው ቆርጣለች። መክሊት እህቷ አይደለችም። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ ፍቼ የወለደቻት ልጇ ናት። እናቷ እንደ ራሷ ልጅ አሳደገቻት፤ እናቷ ሲሞቱ ትርሲት «እህቴ» ብላ አዲስ አበባ አመጣቻት። አባቷ ማን እንደሆነ እንዳልጠይቃት ነገረችኝ፤ አልጠየቅሁም።

«ልጅቷስ ታውቃለች?»

«አታውቅም። እቴቴ ነው የምትለኝ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ልነግረው ያዘጋጀሁት አንድ መስመር ነው። ‹ያቺ እህቴ ያልኩህ ልጅ እህቴ አይደለችም፤ እኔ ነኝ የወለድኳት።› በቃ። ስድስት ዓመት በልቤ ብያታለሁ። አንድም ቀን ከአፌ አልወጣችም። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ መውጣቷ ነው።»

ለማንም አትንገሪ አላለችኝም። እንዲህ ያለ ነገር ማሳሰቢያ የሚፈልግ አልመሰላትም።

በዚያው ቀን ቤቴ ገብቼ ሁለቱን ገጾች ቀደድኩ። ነጠላውን ጻፍኩ። ሦስቱን መታጠፍ ጻፍኩ። «ምን ሆነሻል?»ን ጻፍኩ። በልብ ወለዱ ውስጥ የሌለች እህት ፈጥሬ ያቺን መስመር እንደ ሰማኋት፣ አንዲት ፊደል ሳልለውጥ አስገባኋት። አንብቤው አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለእሷ መስሎኝ ነበር፤ ያስለቀሰኝ ግን የጻፍኩት ማማሩ ነው።

ለዓመታት ይህን ለራሴ ስተርከው «ሳላስበው» እላለሁ። ውሸት ነው። በማግስቱ ጠዋት ያን ገጽ ይዤ የትርሲትን ቢሮ አለፍኩት። በሩ ክፍት ነበር፤ «ዛሬ ወረቀት የለም እንዴ?» አለችኝ። «ገና አልጨረስኩም» አልኳት። በምሳ ሰዓት ታክሲ ይዤ መገናኛ ወረድኩና ከማላውቃት የኮምፒውተር ቤት ልጅ ዘንድ አስተየብኩት። እንዳታየው ነው የሄድኩት። ያላሰበ ሰው አንድ ገጽ ለማስተየብ ታክሲ አይሳፈርም።

ልምምዱን የምናደርገው ከሥራ ሰዓት በኋላ ስለነበር ትርሲት አትቆይም ነበር፤ ግዛቸው በር ላይ ይጠብቃታል። ጸጥ ያለ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ፣ በቸርቻቸው መዘምራንን የሚመራ ሰው ነው። በየቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከዘበኛው ጎን ይቆማል፤ ስትወጣ ቦርሳዋን ይቀበላታል። የመምህራኑ መቀለጃ ነበሩ፤ ሴቶቹ ግን የምንቀልደው እየቀናን ነበር።

ቴአትሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ትርሲት ሦስት የጥሪ ካርድ ጠየቀችኝ። «ግዛቸውና መክሊትም ይምጡ። የለፋሁበትን ይዩልኝ» አለች። ካርዶቹን ከቦርሳዬ አውጥቼ በእጄ ሰጠኋት። ገጹን ለመቀየር ሦስት ቀን ነበረኝ። በውስጤ ማን ያውቃል፣ ቴአትር ነው፣ ስም አልጠራሁ አልኩ። ደግሞም ያለዚያ ትዕይንት ቴአትሩ ምንም እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። እኔ ከመጋረጃው ጥግ ቆሜ ተመልካቹን አያለሁ። አራተኛው ረድፍ ላይ ግዛቸው፣ ትርሲት፣ መክሊት ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው በቸርች ከትርሲት ጋር የሚዘምሩ ሁለት ሴቶች። የዐሥራ አምስት ዓመቷ መክሊት በሚያስቀው ሁሉ ቀድማ ትስቃለች፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

ሙሽራይቱን የምትጫወተው የባዮሎጂ መምህርቷ ሰላም ነበረች። ነጠላውን አነሣች። አጠፈችው። ዘረጋችው። ደግማ ስታጥፈው የትርሲት ጀርባ ከወንበሩ ሲላቀቅ አየሁ። በሦስተኛው ጊዜ ግዛቸው ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። የገባው ያኔ ነው፤ ገና ቃሉ ሳይነገር። ያን ነጠላ አይቶታላ። ያን ጥያቄ ራሱ ጠይቆታል። መድረክ ላይ ያለው ባል «ምን ሆነሻል?» አለ፤ ሰላምም አንድ መስመር ተናገረች። አንዷ ዘማሪ ጎንበስ ብላ የሌላዋን ጆሮ ስትነካ አየሁ። መክሊት ትርሲትን አየቻት፤ ከዚያ የራሷን እጅ አየች።

ትርሲት ወደ ማንም አልዞረችም። መጋረጃው ሲዘጋ እጇን አንሥታ አጨበጨበች። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ፤ ወደ መድረክ ጠሩኝ፤ አበባ ሰጡኝ። ወጣሁ፤ እጅ ነሣሁ። አራተኛውን ረድፍ ሳይ ሦስት ባዶ ወንበር ነበር።

ሰኞ ጠዋት እንደ ሌላው ቀን በሰዓቷ ገባች። ልሸሻት አልቻልኩም፤ የሰዓት መፈረሚያው እሷ ዘንድ ነው። ሁለተኛው ወንበር ላይ የወረቀት ክምር ተቀምጦበታል። ፈረምኩ። ልወጣ ስል «ሂሩት» አለችኝ።

«አቤት።»

«ያንን ገጽ ማን ተየበልሽ?»

ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ለምን አላለችም፤ እንዴት አላለችም። «መገናኛ… አንድ ኮምፒውተር ቤት» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያኔ ይቅርታ ልጠይቃት ይገባ ነበር። ክፍል ረፍዶብኛል ብዬ ወጣሁ። ደወሉ ገና አልተደወለም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ግዛቸው በሩ ላይ አልቆመም። ትርሲት ቦርሳዋን ራሷ ይዛ ትወጣለች። ወንድሙ ዘንድ መግባቱን፣ ቸርቹም እሷን ከመዝሙር እንዳገዳት ከሰላም ሰማሁ። ግዛቸው አልጮኸም፣ አልተሳደበም አሉ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ያላመንሽኝ ምን አይተሽብኝ ነው?» ብቻ ነው ያላት። ዓመቱ ሲያልቅ ሥራውን ለቀቀች። በሽኝቱ ዕለት ራስ ምታት ይዞኝ ነበር፤ ለሌሎቹ የነገርኳቸው እንደዚያ ነው።

የእኔ ነገር ግን ቀና። ቴአትሩን ያየ አንድ ወላጅ ከተማ ውስጥ ሌላ አዳራሽ አገናኘኝ፤ ሦስት ጊዜ ታየ። አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ ጋበዘኝና «ያ የነጠላው ትዕይንት በዋናው መጽሐፍ የለም፤ ከየት አመጣሽው?» አለኝ። «ደራሲን አንዳንዴ ራሷ ገጸ ባሕርይዋ ትነግረዋለች» አልኩ። አዘጋጁ «ዋው» አለ። ትርሲት ሬዲዮ ትሰማ እንደነበር አላውቅም። አለመስማቷን እየተመኘሁ ግን ፕሮግራሙን ለዘመዶቼ ሁሉ ላክሁላቸው።

አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ አገኘኋት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጓደኛዬ ጋር እንጦጦ ደን ውስጥ በእግር እየወጣን ነው። ከላይ ሁለት ሴቶች ይወርዳሉ። ትርሲት ከስታለች፤ መክሊት ከእሷ በላይ ረዝማለች፤ ክንዷን ይዛታለች። መንገዱ ጠባብ ስለነበር መተላለፋችን አይቀርም። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁና ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። «ሄሎ? አዎ… አይሰማም» አልኩ፤ ማንም ላልደወለበት ስልክ። ትርሲት ስትደርስ ቆም አለች። «ደህና ነሽ፣ ሂሩት?» አለችኝ። እኔ እጄን ብቻ አነሣሁላት። አንድ አፍታ አየችኝና «ጨርሺ፣ ጨርሺ» ብላ አለፈች። ጓደኛዬ «ማናት?» ስትለኝ «ድሮ የምንሠራበት ቦታ ጸሐፊ ነበረች» አልኳት።

በሕይወቷ ከእኔ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ለማንም ያልተባለ «አይሰማም» ነው።

የዚያን ማክሰኞ ለቅሶ ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። ትርሲት ትምህርት ቤቱን ከለቀቀች በኋላ እዚያው ሰፈር ትንሽ የጽሕፈት ሥራ ቤት ከፍታ ለሰፈሩ ሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ነበር የኖረችው። ኩላሊቷን ታማ ሁለት ዓመት ተንገላታለች። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ጥቁር የለበሰች ወጣት ከቤት ወጥታ ወደ እኔ መጣች። መክሊት ነበረች፤ ኮተቤ ተምራ አሁን መምህር ሆናለች።

«ቲቸር ሂሩት ነዎት አይደል?»

«ነኝ የኔ እናት። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«የሕይወት ታሪኳን አንቺ ጻፊው ብላኝ ነበር፤ ጽፌዋለሁ። ግን ዐይኔ አያይልኝም። የተሳሳተ ፊደል ካለ ያዩልኛል?»

አንድ ገጽ ነው። «ትርሲት ፍቼ ከተማ ተወለደች» ይላል። ሦስተኛው መስመር ላይ «በዐሥራ ሰባት ዓመቷ የበኩር ልጇን መክሊትን ወለደች» ይላል። አንብቤ ጨረስኩ፤ ደግሜ አነበብኩት።

«ስሕተት የለውም» አልኳት። ከዚያ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ሳላውቅ «መክሊት፣ ያን ቴአትር የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ሳልጠይቃት ነው የወሰድኩባት።»

«እሱንም አውቃለሁ።» ከጎኔ ተቀመጠች። ድምፅዋ የእናቷ ነው፤ ከፍም ዝቅም አይልም። «የዚያን ቀን ታክሲ ውስጥ ማናችንም አልተናገርንም። ቤት ስንገባ ‹ከዛሬ ጀምሮ እማዬ በይኝ› አለችኝ። አልልም አልኳት። አንድ ዓመት ሙሉ እቴቴም እማዬም አላልኳትም። እራት ቀረበ ለማለት እንኳ በሩን ነበር የምታንኳኳልኝ።»

ወረቀቱን አሁንም ይዤው ነበር።

«ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት እማዬ ብያታለሁ» አለች። «አስባበት የነበረው ሌላ ነበር። ሕፃን ሆኜ ወዳደግሁበት ቤት ፍቼ ልትወስደኝ፣ እዚያ ቁጭ አድርጋ ልትነግረኝ። ለእኔ የምትለውም ተዘጋጅቶ ነበር። ምን እንደነበር ጠይቄያት ‹አሁንማ ምን ያደርግልሻል› አለችኝ። ስለዚህ ምን ልበልዎ? ላመሰግንዎት አልችልም፤ ልረግምዎትም አልፈልግም። ወረቀቱን ይስጡኝ፤ አስከሬኑ ሊወጣ ነው።»

ሰጠኋት።

ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ግዛቸው ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። አስከሬኑ ካረፈ በኋላ አንድ የቸርቻቸው አገልጋይ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። «የበኩር ልጇን መክሊትን» ሲል ማንም ቀና አላለም፤ ማንም የማንንም ጆሮ አልነካም። ከመቃብሩ ራቅ ብዬ የአጥሩን ብረት ይዤ ቆሜ ነበር። ግዛቸው አየኝ። ሰላምታ አልሰጠኝም፤ ፊቱንም አላዞረም። ዐይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለማንም ከማሳየቴ በፊት ወረቀቱን ይዤ መክሊት ዘንድ ሄድኩ። ካልፈቀደች እንደምቀደው፣ የምትፈልገውን ሁሉ እንድትሰርዝ ነገርኳት። ሦስት ሳምንት አስቀመጠችው። ስትመልስልኝ ብዙ ይሰረዛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። የሰረዘችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ስለ እንጦጦው መንገድ በጻፍኩበት ቦታ ላይ፣ ቆም ብላ ደህንነቴን መጠየቋን አስቤ፣ ትርሲት ይቅር ብላኝ ነበር ብዬ ጽፌ ነበር። መክሊት በቀይ እስክርቢቶ አስምራበት፣ ከጎኑ እንደ መምህር በጥንቃቄ እንዲህ ብላ ጽፋበታለች፦ «ይህን እርስዎ አያውቁም።»

አላውቅም። አወጣሁት።